የኔትዎርክ ካርድ ነጂ ጉድለት እንዴት እንደሚታረምና ነጋዴው ሊያደርገው የሚገባ ጥንቃቄ

በሐይቅም ሆነ በአምባሰል፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ባሉት ከተሞች የሚነግድ ሰው ማታ ሱቁን ሲዘጋ ቁልፉን ሁለት ጊዜ ሞክሮ፣ ዘበኛውን አስጠንቅቆ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይህም መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን የሱቁ ሒሳብ፣ ከባንክ ጋር የሚደረገው መላላክ፣ ከአዲስ አበባ አስመጪ የሚመጣው የዋጋ ደብዳቤ፣ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ስለ ደረሰው ዕቃ የሚላከው ሰነድ ሁሉ በኮምፒዩተር ማለፍ ከጀመረ ወዲህ፣ ለሱቁ አንድ ሌላ በር ተከፍቶለታል። በዚህ በር ዘበኛ የለበትም፤ ተዘግቶም አያድርም። ጠባቂውም ሰው ሳይሆን፣ የኔትዎርክ ካርድ ነጂ የሚባል አንድ አነስተኛ ፕሮግራም ነው።

ይህ ጠባቂ ጉድለት ሲገኝበት እንዴት እንደሚታረም፣ ከዚያም ለእኛ ለነጋዴዎችና ለጸሐፊዎቻቸው የሚቀረው ሥራ ምን እንደ ሆነ ለክቡራን አንባቢዎቻችን በአጭሩ ለማስረዳት እንሞክራለን። ነገሩ የመሐንዲሶች ጉዳይ ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል። ሆኖም ከሥራው ግማሹ በመሐንዲሱ እጅ ሲሆን፣ ግማሹ በሱቁ ባለቤት እጅ ነው፤ የባለቤቱም ድርሻ ካልተፈጸመ የመሐንዲሱ ድካም ከንቱ ሆኖ ይቀራል።

ካርዱና ነጂው

የኔትዎርክ ካርድ ማለት ኮምፒዩተሩን ከኢንተርኔት ገመድ ወይም ከዋይፋይ ሞገድ ጋር የሚያገናኘው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ነው። ቀድሞ ለብቻው እየተገዛ ይሰካ ነበር፤ ዛሬ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከኮምፒዩተሩ ዋና ሰሌዳ ጋር ተሠርቶ ይመጣል። ካርዱ ብቻውን ሊሠራ አይችልም፤ ምን መቀበል፣ ምን መላክ እንዳለበት የሚያዝዘው ፕሮግራም ያስፈልገዋል። ይኸው ፕሮግራም ነጂ፣ በእንግሊዝኛው አጠራር ድራይቨር ይባላል። በአንድ ወገን የካርዱን ቋንቋ፣ በሌላው ወገን ደግሞ ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒዩተሩን ዋና ሥርዓት ቋንቋ የሚያውቅ አስተርጓሚ ነው ማለት ይቻላል።

የአስተርጓሚ ጉድለት ምን ያህል መዘዝ እንደሚያመጣ ለአምባሰል ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። በዚሁ በአምባሰል፣ በውጫሌ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣልያው መልእክተኛ በኮንት አንቶኔሊ መካከል የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ፣ በአማርኛው ፈቃድ ሆኖ ሳለ በኢጣልያንኛው ግዴታ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱ ጽሑፎች ባለመስማማታቸው የተነሣው ጠብ እስከ ዐድዋ ጦርነት አደረሰ። በኮምፒዩተርም ውስጥ የሚገኘው ችግር በመጠኑ ቢያንስም በጠባዩ ይመስለዋል፤ ካርዱ ያለው ሌላ፣ ዋናው ሥርዓት የተረዳው ሌላ ሲሆን፣ በሁለቱ መካከል በተፈጠረው ክፍተት ሌባ ይገባል።

ነጂው ከሌሎች ፕሮግራሞች የሚለይባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ የሒሳብ መጻፊያው ፕሮግራም ቢሳሳት የሚበላሸው ሒሳቡ ነው፤ ነጂው ግን አብዛኛውን ጊዜ በዋናው ሥርዓት ውስጥ ባለሙሉ ሥልጣን ሆኖ ስለሚሠራ፣ እርሱ ሲሳሳት ኮምፒዩተሩ በሙሉ አደጋ ላይ ይወድቃል። ሁለተኛ፣ ከውጭ የሚመጣውን መልእክት በመጀመሪያ የሚቀበለው እርሱ ነው፤ ይህንንም የሚያደርገው የይለፍ ቃል ከመጠየቁ በፊት ነው። ስለዚህ የይለፍ ቃሉ የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን የነጂውን ጉድለት ሊሸፍነው አይችልም።

ያልጸዳው ትርፍ ቦታ

የዚህ ዓይነት ጉድለት የታወቀው ምሳሌ በ1995 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጥር 2003) ይፋ የሆነው ኢተርሊክ የተባለው ነው። ያጠኑትም ኦፊር አርኪንና ጆሽ አንደርሰን የተባሉ ባለሙያዎች ነበሩ። ነገሩ እንደሚከተለው ነው።

በኢተርኔት ገመድ ላይ የሚሄድ እሽግ ሁሉ የተወሰነ ልክ አለው። የሚይዘው መልእክት ቢያንስ 46 ባይት፣ በተለመደው ሕግ ቢበዛ 1,500 ባይት መሆን አለበት። ባይት ማለት የአንድ የላቲን ፊደል ቦታ ነው፤ የእኛ የግዕዝ ፊደል በተለመደው አጻጻፍ 3 ባይት ይወስዳል። መልእክቱ ከ46 ባይት ካነሰ፣ ነጂው ወይም ካርዱ የጎደለውን ቦታ መሙላት አለበት። ለምሳሌ ኮምፒዩተሮች በገመዱ ላይ አድራሻቸውን የሚጠያየቁበት አጭር መልእክት 28 ባይት ብቻ ስለ ሆነ፣ የሚሞላ 18 ባይት ይተርፋል። ደንቡ ይህ ትርፍ ቦታ በዜሮ ይሞላ ይላል። ይሁን እንጂ ብዙ ነጂዎች ዜሮ መጻፉን ትተው፣ በማኅደረ ትውስታው ውስጥ በአጠገባቸው ያገኙትን አሮጌ ጽሑፍ እንዳለ ይልኩት ነበር።

ይህን ለባለሱቅ ማስረዳት ቀላል ነው። በርበሬ ወይም ስኳር በአሮጌ ወረቀት ጠቅልሎ መሸጥ የቆየ ልማድ ነው። ወረቀቱ የተቀደደው ከተማሪ ደብተር ከሆነ ጉዳት የለውም፤ ከዱቤ መዝገቡ የተቀደደ ቢሆን ግን፣ ሁለት ብር በርበሬ የገዛው ሰው እነ እገሌ ያለባቸውን ዕዳ ቤቱ ተቀምጦ ያነብባል። ጉድለት ያለበትም ነጂ ያደረገው ይህንኑ ነው። በዚያው ገመድ ላይ ያለ ሰው አጭር ጥያቄ ደጋግሞ እየላከ፣ ከየመልሱ ጋር የሚመጣለትን የጽሑፍ ቁራጭ መሰብሰብ ይችል ነበር። ዐሥራ ስምንት ባይት ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ የይለፍ ቃል ወይም አንድ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ሊይዝ ይችላል።

እርማቱ ረጅም አልነበረም። በሊኑክስ በኩል የተደረገው፣ ነጂው እሽጉን ከመላኩ በፊት ርዝመቱን እንዲለካ፣ አጭር ሆኖ ሲያገኘው ትርፉን ቦታ በዜሮ እንዲሞላ የሚያዝዝ አንድ የጋራ ሥራ ማዘጋጀት፣ ከዚያም ጉድለት ያለባቸውን ነጂዎች አንድ በአንድ እየፈተሹ በዚሁ እንዲጠቀሙ ማድረግ ነበር። አድካሚው ሐሳቡ ሳይሆን የነጂዎቹ ብዛት ነው፤ እያንዳንዱ የካርድ ዓይነት የራሱ ነጂ አለውና። የታወቀ ጉድለትም ቢሆን ተመልሶ እንደሚመጣ ማስተዋል ያስፈልጋል። ከ18 ዓመት በኋላ፣ በ2013 ዓ.ም.፣ ፓሎ አልቶ ኔትዎርክስ የተባለው ኩባንያ በአንዳንድ የኔትዎርክ መጠበቂያ መሣሪያዎቹ ውስጥ ይኸው ዓይነት ጉድለት እንደ ተገኘ ራሱ አስታውቆ እርማት አውጥቶለታል። ጠባቂ ሆኖ የተሸጠው መሣሪያ እንኳ ከዚህ ነጻ አልነበረም።

ሳይለኩ መቀበል

ሁለተኛው ጉድለት በሚላከው ሳይሆን በሚመጣው እሽግ ላይ የሚፈጠር ነው። መጋዘን ጠባቂ ዕቃ ሲረከብ የመጫኛውን ሰነድ አይቶ ብቻ አይፈርምም፤ ቆጥሮና መዝኖ፣ ለዕቃው የተዘጋጀውንም ቦታ አይቶ ይረከባል። ነጂ ግን የመጣውን እሽግ ሳይለካ ለአንድ እሽግ በተመደበ ቦታ ሲገለብጠው፣ ትርፉ በአጠገቡ ባለው የማኅደረ ትውስታ ክፍል ላይ ይፈስሳል። በዚያ ክፍል ያለው የሌላ ሥራ ጽሑፍ ከሆነ ይበላሻል፤ ኮምፒዩተሩም በድንገት ይቆማል። የኮምፒዩተሩ የራሱ ትእዛዝ የተጻፈበት ክፍል ከሆነ ደግሞ፣ የላኪው ጽሑፍ በትእዛዙ ቦታ ሊተካና ኮምፒዩተሩ የባለቤቱን ትቶ የሌባውን ትእዛዝ ሊፈጽም ይችላል።

ለዚህም ማስረጃ አለ። በ2001 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2009) በሊኑክስ ውስጥ ለሪልቴክ 8169 ካርድ የተጻፈው ነጂ ከልኩ በላይ የረዘመ እሽግ ሲደርሰው ማኅደረ ትውስታው እንደሚበላሽና ኮምፒዩተሩ እንደሚቆም ታውቆ ታርሟል። ሪልቴክ በርካሽ ኮምፒዩተሮች ላይ በብዛት የሚገኝ የካርድ ስም ነው። ከዚህም ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው ማይክሮሶፍት ሰኔ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. እርማት ያወጣለት የዊንዶውስ የዋይፋይ ነጂ ጉድለት ነው። በዋይፋዩ ሞገድ ክልል ውስጥ የቆመ ሰው፣ የይለፍ ቃል ሳያውቅ፣ የኮምፒዩተሩም ባለቤት አንዳች ነገር ሳይነካ፣ የተበላሸ እሽግ በመላክ የራሱን ትእዛዝ በኮምፒዩተሩ ላይ ሊያስፈጽም ይችል እንደ ነበረ ኩባንያው ገልጿል። በገበያ ቀን ከሱቁ ፊት ለፊት ቆሞ ስልኩን የሚነካካውን ሰው ሁሉ ማን ለይቶ ያውቃል?

የዚህ ጉድለት እርማት ከመጋዘን ጠባቂው ሥራ አይለይም። ነጂው ከመገልበጡ በፊት ርዝመቱን በራሱ ይለካል፤ ከቦታው የሚበልጠውን ይጥላል፤ እሽጉ ስለ ራሱ የሚናገረውን ቁጥር አምኖ አይቀበልም። ባጭሩ፣ ከመሐንዲሱ የሚጠበቀው ሁለት ነገር ነው፤ ሲልክ ትርፉን ማጽዳት፣ ሲቀበል መለካት።

እርማቱ ከወጣ በኋላ

አንድ ጉድለት ሲገኝ በተለመደው ደንብ ያገኘው ሰው በቅድሚያ ለአምራቹ በምስጢር ይነግራል። አምራቹም እርማቱን ጽፎ፣ በልዩ ልዩ ካርዶች ላይ ሞክሮ፣ ከመታወቂያ ቁጥር ጋር ለሕዝብ ያወጣዋል። ከዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። እርማቱ በወጣ ቀን ጉድለቱም ይፋ ይሆናል። ሌባ አሮጌውንና አዲሱን ነጂ እያነጻጸረ የተለወጠውን ቦታ በማየት ቀዳዳው የት እንደ ነበረ ይረዳል። ስለዚህ እርማቱን ላልተከለ ሰው፣ ከእርማቱ በኋላ ያለው ጊዜ ከቀድሞው ይልቅ አደገኛ ነው።

ይህም በዓለም ላይ በግልጽ ታይቷል። ማይክሮሶፍት በኮምፒዩተሮች መካከል ፋይል ለማጋራት በሚያገለግለው የዊንዶውስ ክፍል ለተገኘ ጉድለት መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. እርማት አወጣ። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ግንቦት 4 ቀን ዋናክራይ የተባለው ተንኮለኛ ፕሮግራም በዚያው ቀዳዳ ገብቶ፣ በ150 ያህል አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒዩተሮችን ቆልፎ ገንዘብ ጠየቀ፤ በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች እንኳ ሥራቸው ተስተጓጎለ። መድኃኒቱ ቀድሞ ነበር፤ የጠፋው የሚውጠው ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይህን ለመሰለው ነው።

በእኛ አገር እርማት የሚዘገይባቸው ምክንያቶች የታወቁ ናቸው። አንደኛው ወጪ ነው፤ የዊንዶውስ ወርኃዊ እርማት በመቶ የሚቆጠር ሜጋባይት ስለሚጠይቅ፣ ከስልክ ኢንተርኔት የሚጠቀም ባለሱቅ ካርድ እንዳያልቅበት ሲል አፕዴቱን ያዘጋዋል። ሁለተኛው የመስመር መቋረጥ ነው፤ በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበረ የሚታወስ ነው። እንዲህ ላለው ጊዜ ያለ መስመር የቆየ ኮምፒዩተር የወራቱን እርማት ሁሉ አጥቶ ስለሚቆይ፣ መስመር ሲመለስ ከሁሉ አስቀድሞ መደረግ ያለበት እርማቱን መትከል ነው። ሦስተኛው የኮምፒዩተሩ ማርጀት ነው፤ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ለዊንዶውስ 10 ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛውን ድጋፍ አቁሟል። ኮምፒዩተሩ ደኅና መስሎ ቢሠራም፣ ከዚያ ወዲህ የሚገኝ ቀዳዳ በመደበኛው መንገድ የሚደፈንለት አይደለም።

አራተኛው ምክንያት ፍርሃት ነው፤ እርማቱ ራሱ ቢያበላሽስ የሚል። ይህ ፍርሃት መሠረት የለውም አይባልም። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በተፈጠረው ችግር ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ለማውጣትና ለማስተላለፍ ችለው ነበር፤ ባንኩም ችግሩ ከሲስተሙ የማሻሻያ ሥራ ጋር የተያያዘ እንጂ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረ አስታውቋል። ከዚህ የምንማረው እርማትን መተው ሳይሆን፣ ሞክሮና መጠባበቂያ ይዞ መትከልን ነው።

ከነጋዴው የሚጠበቀው

ከላይ እንደ ተገለጸው ማጽዳቱና መለካቱ የመሐንዲሱ ሥራ ነው። በጊዜው መትከሉ ግን የእኛ ነው። ለዚህም የሚከተሉትን እናሳስባለን።

1ኛ፤ እያንዳንዱ የንግድ ቤት የኮምፒዩተሮቹን መዝገብ ይያዝ። በመዝገቡ ላይ የኮምፒዩተሩ ዓይነት፣ የኔትዎርክ ካርዱ ስም፣ የዊንዶውሱ ወይም የሊኑክሱ ቁጥር፣ እርማት የተተከለበትም ቀን ይጻፍ። በምሠራበት ቤት ይህ መዝገብ ከዱቤው መዝገብ አጠገብ ይቀመጣል፤ በየወሩ መጨረሻ ሒሳብ ሲዘጋ እርሱም አብሮ ይታያል። ከግማሽ ቀን የሚበልጥ ጊዜ አይወስድም።

2ኛ፤ እርማት ከአምራቹ ብቻ ይወሰድ። ከዊንዶውስ አፕዴት ወይም ከኮምፒዩተሩ አምራች የራሱ ገጽ የሚገኘው ነጂ የታመነ ነው። ከማይታወቅ ፍላሽ የሚገለበጥ ወይም በኢንተርኔት ነጻ ድራይቨር እየተባለ የሚታደል ፕሮግራም ግን ሌባውን በመድኃኒት ስም ቤት ማስገባት ሊሆን ይችላል።

3ኛ፤ እርማት ከመትከል በፊት የሒሳቡ ፋይል በሌላ ዲስክ ይገልበጥ፤ ዲስኩም ከኮምፒዩተሩ ተነቅሎ ይቀመጥ። ብዙ ኮምፒዩተር ያለው ቤት በአንዱ ላይ ሞክሮ አንድ ሁለት ቀን ካየ በኋላ ወደ ሌሎቹ ይለፍ። በገበያ ቀን ወይም ባንክ ሰነድ በሚጠብቅበት ሰዓት እርማት መትከል ተገቢ አይደለም።

4ኛ፤ ወጪ ለመቀነስ ጎረቤታሞች ይተባበሩ። የካርዱ ነጂ ብቻውን ከዊንዶውስ ወርኃዊ እርማት ጋር ሲነጻጸር በመጠኑ ትንሽ ነው። የቤት ውስጥ መስመር ያለው ሱቅ አፕዴቱን በሌሊት ሊያወርድ ይችላል። በአንድ ቤት ውስጥ ያሉ ኮምፒዩተሮችም አንዱ ያወረደውን እርማት እንዲካፈሉ ዊንዶውስ የሚፈቅድበት ሥርዓት አለው።

5ኛ፤ ከአንድ ራውተር ለብዙ ሱቅ መስመር መሳብ በከተሞቻችን የተለመደ ነው። ነገር ግን ኢተርሊክን የመሰለ ጉድለት ምስጢሩን የሚገልጠው በዚያው ገመድ ላይ ላለ ጎረቤት ስለ ሆነ፣ አንድ መስመር መጋራት ጥንቃቄ ይጠይቃል። የራውተሩ ባለቤት ከፋብሪካ የመጣውን የይለፍ ቃል ይለውጥ፤ የራውተሩንም እርማት ይከታተል፤ ለደንበኛ የሚፈቀደውን ዋይፋይ የሱቁ ሒሳብ ካለበት ይለይ።

6ኛ፤ ድጋፉ ያለቀ ኮምፒዩተር፣ መለወጥ ወይም ወደ አዲስ ሥርዓት ማሳደግ ካልተቻለ፣ ከኢንተርኔት ተነጥሎ ለጽሕፈት ብቻ ይዋል። ሊኑክስ ያለ ክፍያ የሚገኝ ስለ ሆነ በአሮጌ ኮምፒዩተሮች ላይ ሊሞከር ይችላል።

7ኛ፤ ይህ ሁሉ ተደርጎም ቢሆን ቀዳዳ ፈጽሞ አይጠፋም። ስለዚህ አቅራቢ የባንክ ሒሳብ ቁጥሩን ለውጫለሁ ብሎ በኢሜይል ቢጽፍ፣ ቀድሞ በሚታወቀው ስልክ ቁጥር ደውሎ ድምፁን ሳይሰሙ ብር መላክ አይገባም። ጥቃት የደረሰበት ነጋዴ ኮምፒዩተሩን ከመስመር ነቅሎ፣ ሳይነካካ ለፖሊስና ለኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ያስታውቅ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው ኮምፒዩተር መግባትን በወንጀል የሚያስቀጣ አድርጎ ደንግጓል።

ንግድ በእምነት እንደሚቆም የታወቀ ነው። አንድ ገበሬ እህሉን በዱቤ ትቶ ሲሄድ፣ አንድ አስመጪ ዕቃውን ገንዘብ ሳይቀበል አስጭኖ ሲልክ፣ የሚተማመነው በሱቁ መዝገብ ነው። ያ መዝገብ ዛሬ ያለው በኮምፒዩተር ውስጥ ስለ ሆነ፣ ከነጂው ጉድለት የተነሣ ቢሰረቅ ወይም ቢቆለፍ የሚጎዳው ባለሱቁ ብቻ ሳይሆን ስሙ በመዝገቡ የተጻፈ ሰው ሁሉ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ የንግድ ቤት ባለቤቶች ይህን የወር መጨረሻ ሳያሳልፉ የኮምፒዩተሮቻቸውን መዝገብ ከፍተው፣ የመጨረሻው እርማት መቼ እንደ ተተከለ እንዲመረምሩ በአክብሮት እናሳስባለን።